ምዕራፍ ሰባት፦ ለክፉ ቀን የምትሆን ትንሽ ጀልባ

በሳነቲ አምባ ደቡባዊ ጠርዝ ላይ የወረደ ዝናብ ረጅም መንገድ አለው። ከሪራ ቁልቁል የሃረናን ደን ሰንጥቆ፣ ያዶትንና ወልመልን በመሳሰሉ ወንዞች ተሰብስቦ ወደ ቆላ ይወርድና ከገናሌ ይቀላቀላል። የሮቤና የጎባ ውሃም በወይብ በኩል የሶፍ ዑመርን ዋሻ አልፎ ወደዚያው ያመራል። ዶሎ አካባቢ እነዚህ ሁሉ ከዳዋ ጋር ተገናኝተው ጁባ ይሆናሉ፤ ጁባ ሶማሊያን አቋርጦ ኪስማዩ አጠገብ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። ለባሌ ደጋ ሰው ባሕር የሩቅ አገር ወሬ ቢመስለውም፣ በደጁ የሚያልፈው ወንዝ መድረሻው ባሕር ነው።

ያ ባሕር ደግሞ የዋህ ባሕር አይደለም። በእኛ ክረምት ወራት በሶማሊያ ጠረፍ ላይ የሚነፍሰው የደቡብ ምዕራብ ነፋስ በዓለም ከታወቁት ኃይለኛ ወቅታዊ ነፋሶች አንዱ ነው። በሸራ ይነግዱ የነበሩት የሶማሌ፣ የዐረብና የሕንድ ባሕረኞች ነፋሱ በሚበረታባቸው ወራት መርከቦቻቸውን ዳር አውጥተው፣ ጠግነውና ቀብተው፣ ነፋሱ እስኪበርድ ይጠብቁ ነበር።

የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። አንድ ወይም ሁለት ሰዎች፣ ከ6 እስከ 8 ሜትር በምትረዝም የሸራ ጀልባ፣ ከጠረፍ ርቀው አስቸጋሪ ባሕር ላይ ለመውጣት ቢያስቡ የትኛዋን ይምረጡ? ጥያቄው ለኢትዮጵያውያን ባዕድ የሚሆንበት ምክንያት የለም። ከ1993 ጀምሮ አገሪቱ የባሕር በር ባይኖራትም፣ ባሕር ዳር ካለው የማሪታይም ማሠልጠኛና ባቦጋያ ካለው አካዳሚ የወጡ ወጣቶች በዓለም ባሕሮች ላይ ይሠራሉ። ከስቶክሆልም እስከ ሲያትል ባሉ የወደብ ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችንም ብዙ ናቸው፤ በእነዚያ ከተሞች ያገለገለች ትንሽ የሸራ ጀልባ ከአሮጌ መኪና ባልበለጠ ዋጋ ልትገኝ ትችላለች። ዋጋዋ ርካሽ ስለሆነ ግን ምርጫው ቀላል አይሆንም። (በምዕራፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መልሴን አስቀድሜ ላስቀምጥ፦ ትንሽ ጀልባ የምትመረጠው ለክፉ ቀኗ ነው። በደህና ቀን የማትሄድ ጀልባ የለችም፤ ሰፊዋ ትመቻለች፣ ቀላሏ ትፈጥናለች፣ አዲሷ ታምራለች። በክፉ ቀን ግን ማንኛዋም ትንሽ ጀልባ ልትገለበጥ ትችላለች። ስለዚህ ገዢ ሊጠይቅ የሚገባው ሁለት ነገር ነው፦ ስትገለበጥ ትመለሳለች ወይ? እስክትመለስስ ምን ያህል ውሃ ታስገባለች?

ከጣና ደንገል እስከ ባርቤዶስ

ኢትዮጵያ ለዚህ ጥያቄ የራሷ ምስክር አላት፤ የጣና ታንኳ። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፤ አብዛኛው ክፍሉ ከ10 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ነፋስ ሲበረታ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ሞገድ ደግሞ ለትንሽ ጀልባ ረጅምና ዝርግ ከሆነው የባሰ ነው። በዚህ ሐይቅ ላይ ለዘመናት እንጨትና እህል፣ ሰውና እንስሳ ያመላለሰው ታንኳ የተሠራው ከደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ይታሰራል፣ ነዶዎቹም እርስ በርስ ተጠፍረው አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ያለ ታንኳ ይወጣቸዋል። ታንኳው ውሃ ከላዩ ቢወርድበትም አይሰጥምም፤ የሚያንሳፍፈው በደንገሉ ግንድ ውስጥ ያለው አየር እንጂ ውሃ የማያስገባ ቀፎ አይደለምና። ድክመቱም ከዚያው ይመጣል፦ ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፣ በወራት ውስጥም በአዲስ ይተካል።

የኖርዌዩ አሳሽ ቶር ሄየርዳል ይህን የደንገል ጥበብ ወደ ውቅያኖስ ወሰደው። የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን መሻገር ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ሲነሣ፣ ደንገሉን ያሳጨደው ከጣና ነው። ራ የተባለችው የመጀመሪያዋ ጀልባ ከቻድ ሐይቅ በመጡ ባለሙያዎች ጊዛ፣ ፒራሚዶቹ አጠገብ ታሰረችና በግንቦት 1969 ሞሮኮ ካለው የሳፊ ወደብ ተነሣች። ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ከሄደች በኋላ የኋላ አካሏ ውሃ ጠጥቶ ወደ ታች ዘመመ፣ ማሰሪያዎቿም ላሉ፤ ተጓዦቹ ባርቤዶስ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ጥለዋት ወጡ። በዓመቱ ራ ሁለት በቦሊቪያ የቲቲካካ ሐይቅ ባለሙያዎች እጅ ተሠራች። ከፊተኛዋ አጭር፣ አሳሰሯም የጠበቀ ነበር። በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች።

ከሁለቱ ጀልባዎች የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። ሁለተኛዋ ያነሰች ሆና ሳለ የደረሰችው እርሷ ናት፤ ያደረሳትም አሠራሯ ነው። ሁለቱም ደግሞ ወቅቱን ጠብቀው፣ ከኋላ በሚገፋ ነፋስ ሄደዋል። ወደ ነፋሱ ገጽ መሄድ የሚያስፈልገው ወይም ማዕበል ከጎን የሚመታው ጀልባ ግን ከመንሳፈፍ ሌላ ነገር ያስፈልገዋል።

ኪል ምን ያደርጋል?

ያ ሌላ ነገር ኪል ይባላል። ኪል ከጀልባዋ ሆድ ሥር ወደ ውሃው የሚወርድ ክንፍ ነው፤ ከብረት ወይም ከእርሳስ ይሠራል፣ ወይም እነዚህ በውስጡ ይሞላሉ። ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ፣ ነፋስ ከጎን ሲገፋት እንዳትንሸራተት ውሃውን ይዞ ወደፊት እንድትሄድ ያደርጋታል። ሁለተኛ፣ ክብደቱ ከታች ስለሆነ ስታዘነብል ይመልሳታል።

ከጎባ ተነሥቶ ሳነቲን አቋርጦ ወደ ዶሎ መና ፈረስ ለጫነ ሰው ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። ጭነቱ ከኮርቻው በላይ ተቆልሎ ከታሰረ፣ ጠመዝማዛው ቁልቁለት ላይ ፈረሱ ባዘነበለ ቁጥር ጭነቱ ይበልጥ ይጎትተዋል። ያው ጭነት በሁለት ተከፍሎ በግራና በቀኝ ዝቅ ብሎ ከተንጠለጠለ ግን ፈረሱ ይረጋጋል። በጀልባም ክብደቱ ምን ያህል እንደሆነ ብቻ ሳይሆን የት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። እርሳስ ከብረት በጣም ስለሚከብድ፣ እኩል ክብደት በትንሽ ቦታና በዝቅተኛ ቦታ ለማስቀመጥ ይመቻል፤ ውድ ቢሆንም የሚመረጠው ለዚህ ነው።

እያንዳንዷ ጀልባ ከዚያ በላይ ካዘነበለች በራሷ የማትመለስበት ማዕዘን አላት፤ የመመለሻ ገደብ እንበለው። ምሰሶዋ ከውሃው ጋር ትይዩ ሆኖ ሲተኛ 90 ዲግሪ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ስትገለበጥ 180። ገደቧ 155 ዲግሪ የሆነች ጀልባ ተገልብጣ ብትቀር፣ ቀጣዩ ሞገድ 25 ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብላት ቀሪውን ኪሉ ይጨርሰዋል። ገደቧ 115 የሆነች ግን 65 ዲግሪ የሚያዞራት ሞገድ መጠበቅ አለባት። እስከዚያው ውስጥ ያለው ሰው በጨለማ፣ በጣሪያዋ ላይ ቆሞ፣ ውሃው ሲገባ ያዳምጣል። ይህን ቁጥር የማያውቅ ገዢ ስለ ጀልባዋ ዋናውን ነገር አያውቅም።

1979 ያስተማረው

በነሐሴ 1979 ከእንግሊዝ ተነሥቶ በአየርላንድ ጠረፍ ያለውን የፋስትኔት ዓለት ዞሮ የሚመለሰው የጀልባ ውድድር ከኃይለኛ ማዕበል ጋር ተገጣጠመ። ከተነሡት 303 ጀልባዎች የጨረሱት 85 ብቻ ናቸው። 15 ተወዳዳሪዎች ሞቱ፤ 24 ጀልባዎች ሰው ጥሏቸው ወጣ። ከእነዚህ ከ24ቱ የሰጠሙት 5 ብቻ ሲሆኑ የቀሩት በኋላ ተንሳፍፈው ተገኝተዋል። ጀልባ እስክትሰጥም ድረስ ከእርሷ የተሻለ መጠጊያ እንደሌለ ባሕረኞች የሚመክሩት በዚህ ዓይነት ልምድ ነው።

በዚያ ሌሊት ሰፊና ቀላል ሆነው የተሠሩ አንዳንድ ዘመናዊ ጀልባዎች ተገልብጠው ለደቂቃዎች ቆዩ። በአንጻሩ ከትናንሾቹ ምድብ ውድድሩን የጨረሰችው አንዲት ጀልባ አሰንት ነበረች፤ ኮንቴሳ 32 ከሚባለው ዓይነት፣ 9.75 ሜትር የምትረዝም፣ ጠበብ ያለች፣ ኪሏ ከባድ። የዚህ ዓይነት ጀልባ የመመለሻ ገደብ 155 ዲግሪ ገደማ ነው።

ከአደጋው በኋላ በእንግሊዝ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በውሃ ገንዳ ውስጥ ትንንሽ ሞዴሎችን በሚናድ ሞገድ እየመቱ ፈተኑ። ከጀልባዋ ርዝመት 30 በመቶ የሚሆን ከፍታ ያለው የሚናድ ሞገድ ከጎን ሲመታ አንዳንዶቹን ገለበጠ፤ 60 በመቶ የደረሰው ግን የተፈተኑትን ሁሉ። ቁጥሩን ወደ ጀልባችን እናምጣው። 6 ሜትር ለሆነች ጀልባ 30 በመቶ ማለት 1.8 ሜትር፣ ማለትም አንድ ረጅም ሰው ቆሞ የሚያህል ነው። 60 በመቶውም 3.6 ሜትር ነው። ከጠረፍ ርቆ የከፋ ማዕበል የገጠመው ሰው ይህን የሚያህል ሞገድ ማየቱ አይቀርም። ለዚህ ነው ከትንሽ ጀልባ «አትገለበጥም» የሚል ቃል መጠበቅ የሌለብን።

ከዚሁ ጥናት ዘመን የወጣ፣ ማንም በስልኩ ሊያሰላው የሚችል መለኪያ አለ። የጀልባዋን ስፋት በሜትር እንወስዳለን፤ ቀጥሎ የምትገፋውን ውሃ መጠን በሜትር ኩብ፣ ይህም ክብደቷን በቶን ለ1.025 በማካፈል ይገኛል፤ ስፋቱን ለመጠኑ ኩብ ሥር እናካፍላለን። ውጤቱ ከ2 በታች ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። ስፋቷ 2 ሜትር፣ ክብደቷ 1.5 ቶን የሆነች ጀልባ 1.76 ገደማ ታመጣለች። 2.5 ሜትር ሰፍታ 1.2 ቶን ብቻ የምትመዝን ደግሞ 2.37 ገደማ። ሁለተኛዋ ወደብ ላይ ውስጧ ሰፊና ምቹ ሆኖ የገዢን ልብ ትማርካለች፤ ስትገለበጥ ግን ያው ስፋት በጀርባዋ ተረጋግታ እንድትቀር ያግዛል። መለኪያው ክብደቱ ላይ ይሁን ታች አያይም፤ ስለዚህ የመጀመሪያ ወንፊት እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም።

ቀዳዳው

መመለስ ግማሽ መንገድ ነው። ሌላውን ግማሽ ለማየት ወደ 1957 እንመለስ። ማይልስና ቤሪል ስሚተን የተባሉ ባልና ሚስት፣ ከወጣቱ ጆን ጉዝዌል ጋር፣ 14 ሜትር በምትረዝመው ትዙ ሃንግ ጀልባቸው ከአውስትራሊያ ተነሥተው ወደ ኬፕ ሆርን ይጓዙ ነበር። በየካቲት ወር አንድ ግዙፍ ሞገድ ከኋላ አንሥቶ በአፍንጫዋ ገለበጣት። መሪውን ይዛ የነበረችው ቤሪል ባሕር ውስጥ ተወረወረች፤ ቆስላ ዋኝታ ተመለሰች። ጀልባዋ ተቃንታ ነበር፤ ሁለቱም ምሰሶዎቿ ግን የሉም፣ የጣሪያው ቤትም ከሥሩ ተነቅሎ ሄዷል። በቦታው የቀረው፣ ሰው በምቾት የሚያልፍበት፣ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ባዶ ቀዳዳ ነው። እያንዳንዱ ሞገድ በዚያ በኩል ይገባል።

ሦስቱ ሰዎች በባልዲ እየቀዱ ውሃውን ታገሉት። ጉዝዌል እንጨት ሠራተኛ ነበር፤ ከጀልባዋ የውስጥ ዕቃ ጣውላ እየነቀለ ቀዳዳውን ደፈነ፣ በሸራም ሸፈነው፤ ቀጥሎ ምትክ ምሰሶና መሪ ሠራ። ከሳምንታት በኋላ ቺሊ ደረሱ። ጀልባዋ 14 ሜትር ርዝመቷ አላዳናትም፤ ልትጠፋ የነበረችውም በጣሪያዋ ትልቅና ደካማ ክፍል ምክንያት ነው።

ጉዝዌል ይህን ሁሉ ያየው የራሱን ጀልባ ኒው ዚላንድ ትቶ በመጣበት ጊዜ ነው። የእርሱ ትሬካ 6.25 ሜትር ብቻ ነበረች፤ ጃክ ሎረንት ጋይልስ ነድፎለት፣ በካናዳዋ ቪክቶሪያ ከተማ በገዛ እጁ የሠራት። ወደ እርሷ ተመልሶ ጉዞውን ቀጠለና በ1959 ዓለምን ዞሮ ቪክቶሪያ ገባ። ትሬካ ጠባብ ናት፣ ኪሏ ከባድ ነው፣ ጣሪያዋም ዝቅ ያለ ነው፤ ሞገድ የሚይዘው ትልቅ ነገር የላትም።

ስለዚህ ገዢው ቀጥሎ የሚመረምረው ክፍተቶቹን ነው። መስኮቶቹ ትንንሽና ወፍራም ይሁኑ። መግቢያውን የሚዘጉት ሳንቃዎች ጀልባዋ ስትገለበጥ እንዳይወድቁ ከውስጥም ከውጭም የሚቆለፉ ይሁኑ። መሪውን የያዘው ሰው የሚቀመጥበት ጉድጓድም ይለካ። 1.5 ሜትር ርዝመት፣ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ሲሞላ 370 ኪሎ ገደማ ባሕር ይይዛል። 1.3 ቶን ለምትመዝን ጀልባ ይህ ከሩብ በላይ ተጨማሪ ጭነት ነው፤ ያውም ከኋላዋ፣ ቀጣዩ ሞገድ በሚመጣበት በኩል። ጉድጓዱ ትንሽ፣ የፍሳሽ ቱቦዎቹ ግን ትልልቅ መሆን አለባቸው።

እንግሊዛዊው ብሎንዲ ሃስለር ይህን ችግር ከሥሩ ነቀለው። 7.6 ሜትር በሆነችው ጄስተር ላይ ጉድጓዱን ደፍኖ፣ ከአንድ ክብ መስኮት ብቅ እያለ ሸራውን ሁሉ ከውስጥ የሚያዝበትን ዘዴ ሠራ። በ1960 በመጀመሪያው የአትላንቲክ የብቻ ውድድር በ48 ቀን ሁለተኛ ሆኖ ኒው ዮርክ ገባ።

የዛሬዎቹ 6.5 ሜትር የውድድር ጀልባዎች ሌላ መንገድ ይዘዋል። በ1977 በተጀመረው ሚኒ ትራንሳት አትላንቲክን በብቸኝነት የሚያቋርጡት እነዚህ ጀልባዎች እስከ 3 ሜትር ይሰፋሉ፣ ክብደታቸውም ከአንድ ቶን ብዙም አይርቅም፤ ከላይ ባየነው መለኪያ ይወድቃሉ። ድክመታቸውን የሚሸፍነው የውድድሩ ሕግ ነው፦ ውሃ ቢሞላቸውም የሚያንሳፍፍ ፎም በቀፎአቸው ውስጥ መኖር አለበት፣ አዘንብለው መመለሳቸውም በፈተና መረጋገጥ አለበት። የጣናው ደንገል አመክንዮ እዚህ በፋይበርግላስ ተመልሶ መጥቷል። ያገለገለች ጀልባ የሚገዛ ሰውም ከአልጋ ሥርና ከአፍንጫዋ ውስጥ ያለውን ባዶ ቦታ በፎም ቢሞላ፣ ያጣው የዕቃ ማስቀመጫ ነው፤ ያገኘው ግን በቀላሉ የማትሰጥም ጀልባ።

ትንሽነት የሚያስከፍለው

የትንሽ ጀልባ ወዳጅ ነኝ፤ ስለዚህም ዋጋዋን መደበቅ አልፈልግም። አንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ውሃ ቢመደብለው ለ40 ቀን 120 ኪሎ ነው። ምግብ፣ መልሕቅና ሰንሰለት፣ መሣሪያ፣ የነፍስ አድን ጀልባ ሲጨመር በቀላሉ 400 ኪሎ ይደርሳል። ጭነቱ ዝቅ ብሎ ካልታሰረ ኪሉ የሠራውን ያፈርሳል።

ፍጥነቷም የተገደበ ነው። ውሃውን የሚነካው ርዝመቷ 5.6 ሜትር የሆነች ባለ ኪል ጀልባ በተለመደው አሄድ በሰዓት ከ10 ወይም 11 ኪሎ ሜትር አታልፍም። በዚህ ፍጥነት ከማዕበል ማምለጥ የለም፤ መቀመጥና መቀበል ነው። ለዚህ የሚረዳው ከኋላዋ በረጅም ገመድ የሚለቀቅ የመጎተቻ ፍሬን ነው። ከፋስትኔቱ አደጋ በኋላ አሜሪካዊው መሐንዲስ ዶናልድ ጆርዳን የነደፈው ዓይነት ወደ መቶ የሚጠጉ ትንንሽ የሸራ ሾጣጣዎች በአንድ ገመድ ላይ የተደረደሩበት ነው፤ ጀልባዋን ጀርባዋን ለሞገዱ ሰጥታ እንድትቆይ ይይዛታል፣ ወደ ጎን ዞራ እንዳትመታ። ለዚህም ከኋላ በኩል ገመዱ የሚታሰርባቸው ሁለት ጠንካራ ብረቶች ያስፈልጋሉ።

ሕግም የራሱ ሚዛን አለው። በአውሮፓ መስፈርት አንዲት የሸራ ጀልባ በከፍተኛው የውቅያኖስ ምድብ ለመመደብ ቢያንስ 3 ቶን፣ በቀጣዩ ምድብ ደግሞ 1.5 ቶን መመዘን አለባት። ዓለምን የዞረችው ትሬካ ከፍተኛውን ምድብ አታገኝም ነበር። በሌላ በኩል ሼን አክተን የተባለ እንግሊዛዊ በ1972 ከካምብሪጅ በተነሣባት ሽሪምፒ፣ 5.6 ሜትር ገደማ በሆነች የኮምፔንሳቶ ጀልባ፣ ዓለምን ዞሮ በ1980 ተመልሷል። ከዚህ ማንም ኮምፔንሳቶ ገዝቶ ወደ ማዕበል ይውጣ የሚል ድምዳሜ እንዳይወሰድ። አክተን ስምንት ዓመት የፈጀው እየቆመ፣ ወቅት እየጠበቀ ስለሄደም ነው። ጥንቃቄ የጀልባን ድክመት ይሸፍናል፤ ችኮላ ግን በየትኛዋም ጀልባ አይሸፈንም።

ምርጫው

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ከሁሉ በፊት ወቅቱ ይመረጥ፤ የሶማሊያ ጠረፍ ባሕረኞች ለዘመናት ያደረጉትን የሚንቅ ሰው ጀልባ መምረጥ ገና አልጀመረም። ቀጥሎ ጠበብ ያለች፣ ኪሏ ከባድና ዝቅ ያለ፣ የመመለሻ ገደቧ ቢያንስ ከ120 ዲግሪ በላይ የሆነች ጀልባ ትፈለግ። ሦስተኛ፣ ክፍተቶቿ ትንንሽና የሚቆለፉ፣ ጉድጓዷ ጠባብ ይሁን። አራተኛ፣ ኪሉን ከቀፎው ጋር የሚይዙት ብሎኖች ዝገት፣ መሪውና ምሰሶው የተተከሉበት ቦታም ስንጥቅ እንደሌለባቸው በባለሙያ ይታዩ። ውስጧ ያለው ወጥ ቤትና ቀለሟ የመጨረሻ ጉዳይ ናቸው፤ ገንዘቡ ከተረፈ ለፎም፣ ለመጎተቻ ፍሬንና ምሰሶውን ለሚይዙ አዲስ ሽቦዎች ይዋል።

ይህን ዕውቀት ለማግኘት የባሕር በር እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም። ጣና ላይ አንዲት ባለ ኪል ጀልባ ብትኖር፣ አንድ ሜትር ገደማ ለሚወርድ ኪሏ ሐይቁ አያንስም፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስም ጥሩ አስተማሪ ነው። በትልልቅ መርከቦች ሞተር ክፍል የሚሠሩ ወጣቶቻችን የክብደትንና የመንሳፈፍን ሕግ በገዛ ሰውነታቸው ሊያውቁት የሚችሉት እንዲህ ባለች ትንሽ ጀልባ ላይ ነው። ከባሌም፣ ከጎጃምም፣ ከአፋርም የሚመጣ ልጅ ይህን እንዲማር ከልቤ እመኛለሁ።

ለሚገዛ ሰው ደግሞ አንድ ፈተና ልተውለት። ስምምነት ከመፈረሙ በፊት፣ ጸጥ ባለ ወደብ ውስጥ፣ በባለሙያ ፊት፣ የጀልባዋ ክፍተቶች ሁሉ ይዘጉ፤ ከምሰሶው ጫፍ በወረደ ገመድ ጫፉ ውሃ እስኪነካ ወደ ጎን ትሳብና ትለቀቅ። ይህ 90 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ባሕሩ ከዚህ የባሰ ያመጣል። በቅጽበት ተመልሳ ካልቆመች፣ ወይም በተዘጋው በኩል ውሃ ካስገባች፣ ወይም ሻጩ ፈተናውን እምቢ ካለ፣ ሌላ ጀልባ ይፈለግ።